ለጥሩወርቅ የሰፋሁት ሰሌዳ

ባለፈው ሰሞን ልጄ መጋረጃ ልትገዛ መርካቶ ስትወርድ «እማዬ፣ ጨርቅ አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ደረጃ ወጥተን፣ ደግሞ ሌላ ደረጃ ወጥተን፣ ጉልበቴን እያሸሁ አንድ ሱቅ ስንገባ ሻጩ አንድ ጥቅል አቡጀዲ ከመደርደሪያ ስቦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ያ ሽታ! ውሃ ያልነካው፣ ገና ደረቅ ያለ አዲስ አቡጀዲ ሽታ። ልጄ ዋጋ ትከራከራለች፤ እኔ አፍንጫዬን ጨርቁ ውስጥ ልቀብር ምንም አልቀረኝም። «እማማ፣ ይንኩት፣ ጥሩ ዕቃ ነው» አለኝ ልጁ። እኔ ግን እሱ ሱቅ ውስጥ አልነበርኩም። እዚያው መርካቶ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከሰባተኛ ሰፈር ትንሽ ገባ ብላ በነበረች ቆርቆሮ ጣሪያ ሱቃችን ውስጥ ነበርኩ። ትዝ ያለኝ ደስ የሚለው ነገር ቢሆን መልካም ነበር። ቀድሞ የመጣብኝ ግን ቅናቱ ነው። እንደ ትናንት፣ ትኩስ እንደሆነ።

ባለቤቴ ታደሰ የስፌት ዕቃ ነጋዴ ነበር። ቁልፍ፣ ክር፣ መርፌ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ ዳንቴል፣ ለልብስ ሰፊ የሚያስፈልግ ነገር ሁሉ እሱ ጋ ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በትንንሽ ካርቶን የተሞላ ሲሆን በየካርቶኑ ፊት ላይ ውስጡ ያለው ቁልፍ አንድ አንድ ተሰፍቶበታል። መብራት ሲበራ ግድግዳው ሁሉ ዓይን ያለው ይመስል ነበር። ከደጃችን በረንዳው ላይ ጋሽ ኑሩ የሚባሉ ልብስ ሰፊ መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ። ከዚያ ወዲያ ሻይ ቤቱ ነው፤ ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአስር፣ ሬዲዮው ደግሞ በነጻ። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው ሲዘፍን የጋሽ ኑሩ እግር ፔዳሉ ላይ በዘፈኑ ምት ይሄድ ስለነበር ዘፈኑ ፈጣን የሆነ ቀን ሱሪ ቶሎ ያልቃል ብለን እንስቅ ነበር። መንገዱ ላይ ጋሪና ትንሿ የፊያት ሴይቼንቶ ታክሲ ይጋፋሉ፤ ኩሊዎች «ዞር በል!» እያሉ ጥቅል ጨርቅ ተሸክመው ይሮጣሉ። ወጣቶቹ ያን ሰሞን ከጉልበት በታች ሰፊ የሆነ ሱሪ ማሰፋት ጀምረው ነበርና ጋሽ ኑሩ «መንገዱን የሚጠርጉት እነዚህ ልጆች ናቸው» ይሉ ነበር።

ታደሰ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሽማግሌ ልኮ ሲያገባኝ እናቴ የወደደችለት ይህንኑ ነው። እናቴ በርበሬ በረንዳ በሚባለው ገበያ ቅመም ነጋዴ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ጩኸት ስትሰማ ስለምትውል ዝም ያለ ሰው ለእሷ ትልቅ ሰው ነው። እኔም ወደድኩት። ክፉ ቃል አይወጣውም፤ ቤት ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም። ፈገግ ይላል፤ ግን ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ተፈጥሮው ነው ብዬ ተቀበልኩ።

አንድ ክረምት ዝናቡ አልቆም አለ። ጣሪያው ሲደበደብ እርስ በርስ መደማመጥ እንኳን አይቻልም፤ ገበያተኛም የለ። ያኔ ነው የመጀመሪያውን የጨዋታ ሰሌዳ የሠራሁት። የሸሚዝ ካርቶን ሁለት ክዳን ወስጄ፣ እንዳይታጠፍ በዱቄት ሙጫ አጣብቄ፣ ጥቅል ጨርቅ ጭኜበት አሳደርኩት። ጋሽ ኑሩ ከአንድ ካፖርት ኮሌታ የተረፈች አረንጓዴ ከፋይ ሰጡኝ፤ እሷን አለበስኩት። ከዚያ ቀጭን ቢጫ ሪባን ቆርጬ ሁለቱን ቁልቁል፣ ሁለቱን አግድም ሰፋሁበት። ዘጠኝ ቤት ወጣው። ለመጫወቻ፣ ጓደኞቻቸው ተሸጠው ብቻቸውን የቀሩ የካፖርት ቁልፎች ለቃቀምኩ። ጨርቅ በክብ እየቆረጥኩ፣ ዙሪያውን በክር እየሸመቀቅሁ አለበስኳቸው፤ አምስቱ በቀይ ጨርቅ፣ አምስቱ በነጭ አቡጀዲ። መጨረሻ ላይ አፏ በክር የሚሳብ ከረጢት ሰፋሁላቸው። ጋሽ ኑሩ አገላብጠው አይተው «ይሄ እጅ መርፌ ሻጭ ቤት መግባቱ ያሳዝናል፤ ሰፊ ቤት ነበር መግባት ያለበት» አሉ። ያቺን ቃል እስከዛሬ እወዳታለሁ።

ጨዋታውን ሦስት ማሰለፍ ነው የምንለው። ልጅ ሆኜ በርበሬ በረንዳ የተማርኩት ነው፤ መሬት ላይ በከሰል ዘጠኝ ቤት ስለን፣ አንዷ ጠጠር፣ አንዷ ዛላ በርበሬ ይዘን እንጫወታለን፤ ረስታ ዓይኗን ያሸች እያለቀሰች ቤቷ ትገባለች። ሦስት በአንድ መስመር ቀድሞ ያሰለፈ አሸነፈ። ምስጢሩ ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ሰው መሀሉን ከያዘ ሁለተኛው ጥግ ላይ መመለስ አለበት። ጥግ ትቶ በሁለት ጥግ መሀል ባለው በጎን ቤት ያስቀመጠ አበቃለት። ይህን ሁለቱም ካወቁ አሸናፊ የለም፤ እኩል ይወጣሉ። ታደሰ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ክረምት እስኪወጣ ተጫወትን፤ እኩል ወጣን፣ እኩል ወጣን፣ እኩል ወጣን። እኔ አልሰለቸኝም። ጉልበታችን ተነካክቶ፣ ዝናቡ እየዘነበ፣ ሁለታችንም ሳንሸነፍ መዋላችን ትዳር ማለት ይኸው ነው ብዬ ነበር።

ጥሩወርቅን አሁን ላምጣት። ከእኛ ማዶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከእኔ ትበልጣለች፤ «እትዬ» ነው የምላት። ባሏ ሲሞት ዘመዶቹ ሱቁን ትሸጠዋለች ብለው ሲጠብቁ እሷ ጥቁሯን እንደለበሰች ጠረጴዛው ኋላ ገብታ ሜትሩን ያዘች። ጥቁሩን ስታወልቅ ደግሞ መርካቶ ሁሉ ዞሮ አያት። ፀጉሯን ተተኩሳ፣ ጉርድ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋን ጭቃው ሳይነካው እንዴት እንደምትሻገር እግዚአብሔር ይወቅ። በስተግራ አንዲት የወርቅ ጥርስ ነበረቻት፤ ስትስቅ ትታያለች። አንድ ቀን ቁልፍ ልትገዛ መጥታ ሰሌዳዬን ጠረጴዛው ላይ አየችው።

«ውይ! ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«በይ ለእኔም ሥሪልኝ፤ ጨርቁን ከሱቄ አመጣለሁ። ደንበኛ በሌለ ጊዜ ዝንብ ከማባርር።»

ያመጣችው ከፋይ ቀይ ወይን ጠጅ ነበር፤ እጅ ሲያልፍበት እንደ ውሃ የሚተኛ። ሪባኑ ወርቃማ። ቁልፎቹንም በሐር አለብሼ ስጨርስ ሰሌዳው ዓይን ይስባል። አስታቅፌያት ስመለስ የራሴን አረንጓዴ አየሁት፤ የኮሌታ ቁራጭነቱ ያን ቀን ነው የታየኝ። በገዛ እጄ ከእኔ የሚበልጥ ነገር ሠርቼ ለሌላ ሴት መስጠቴ እንዲህ እንደሚያንገበግብ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የበኩር ልጄን አረገዝኩ፤ ያችኑ አሁን መጋረጃ የምትገዛዋን። እግሬ እያበጠ አላስኬድ ሲለኝ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከተከራየነው ቤት መውጣት ተውኩ። ወለድኩ፤ ታረስኩ፤ ክርስትና ተነሳች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ልጄን አዝዬ፣ ለታደሰ ምሳውን ቋጥሬ፣ ሳልነግረው ወደ ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ ክፍት ነው፤ ሰው የለበትም። ጋሽ ኑሩ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ነበር፤ አወጡና «የሺ! እንኳን ማርያም ማረችሽ! ባልሽን ከሆነ ማዶ ሂጂ፤ እየተደበደበልሽ ነው» አሉኝ።

«ማን ደበደበው?»

«ጥሩወርቅ ናታ! በቁልፍ። በየቀኑ ነው የምትደበድበው፤ ሰውየው ግን አይበቃውም።»

እየሳቁ ነው የተናገሩት፤ ክፋት የላቸውም። መንገዱን ተሻግሬ በሯ ላይ ከተደረደሩት ጥቅሎች አጠገብ ቆምኩ። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ያ ቀይ ወይን ጠጅ ሰሌዳ መሀላቸው ተዘርግቷል። ጥሩወርቅ መሀሉን ይዛለች። የታደሰ ተራ ነው። ነጯን ቁልፍ አነሳ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ በጎን ቤት አስቀመጣት።

በጎን ቤት! ከእኔ ጋር ያን ሁሉ ክረምት ሲጫወት አንድ ቀን እንኳን ያላስቀመጠበት ቤት!

«አለቀልዎ ጋሽ ታደሰ!» አለችና ከጥቂት ተራ በኋላ ሦስቱን አሰለፈች። ወርቋ ብልጭ አለ። ባሌም ሳቀ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ ሱቁን እየሞላ ሳቀ። ያን ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጄ ጀርባዬ ላይ ደንግጣ ነቃች።

ሰዎች ቅናት ያቃጥላል ይላሉ። እኔን አላቃጠለኝም፤ በረደኝ። ምሳውን ሰጠሁት፣ ጥሩወርቅ ልጄን አቅፋ ሳመች፣ «አባቷን ቁርጥ!» አለች፣ እኔም ፈገግ እያልኩ አመሰገንኩ። ጥርሴ ግን ይንገጫገጭ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ሳቅ አልነበረም። ኮቱን ሲያወልቅ አሸተዋለሁ፤ የሚሸተኝ ያው የሱቅ ሽታ ነው። ፀጉሬን ሄጄ ተተኮስኩ፤ አንድ ጆሮዬን አቃጥለው ላኩኝ። ጋሽ ኑሩን «እስቲ ይሄን ቀሚስ ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጉልኝ» ስላቸው፣ አራስነቴን አይተው «ትንሽ ቆዪ ልጄ፣ ክሩም ያሳዝናል» አሉኝ። ልጄን ለእናቴ እየተውኩ ሱቅ መዋል ጀመርኩ። ታደሰን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አረንጓዴውን ሰሌዳ ዘረጋሁ። መሀሉን ያዘ። እኔ ሆን ብዬ፣ ምን እንደሚያደርግ ልየው ብዬ፣ በጎን ቤት አስቀመጥኩ። ያልፈኝ ይሆን? ለእኔስ ይተውልኝ ይሆን? ያለ ምንም ርኅራኄ ሦስቱን አሰለፈና ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ነካሽ የሺ? ጥግ ነው እኮ! ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳሁትም። አለመርሳቱን ነው ያረጋገጥኩት። ያወቀው ነገር ሁሉ ደህና አለ፤ የሚጠፋበት መንገዱን ሲሻገር ነው። «ማዶ ስትሄድ ነው እንዴ ጥግ የሚጠፋህ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ባል ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ ለማን አቤት ይባላል? ለእናቴ ብነግራት «ሰውየው ገንዘብ አላጠፋ፣ ውጪ አላደረ፣ በጎን ቤት አስቀመጠ ብለሽ ነው የምትቀኚ?» ብላ ትስቅብኛለች። አዎ፣ በዚያ ነው የቀናሁት። ሰው የሚስቀውን ሳቅ፣ የሚለቀውን ጨዋታ ለሌላ ሲያስቀምጥ እንደማየት ያለ ምን አለ?

አንድ ቀን ታደሰ ዕቃ ሊቀበል ሲወጣ ተነስቼ ተሻገርኩ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እስቲ እኔና እርስዎ እንጫወት።»

«ነይ እንጂ! የእጅሽ ሥራ አይደል? ብቻ እንዳታኮርፊኝ፤ ባልሽን ጠይቂው።»

እንደ ልማዷ መሀሉን ያዘች። እኔ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። እጇ አየር ላይ ቆመ። «እንዴ» አለች ቀስ ብላ፤ እዚያ ላይ የመለሰላት ሰው አልነበረማ። እኩል ወጣን። ደገምን፤ እኩል ወጣን። ቀጥሎ የመጀመርያው ተራ የእኔ ሆነና መሀሉን ያዝኩ። እሷ ሳታመነታ በጎን ቤት አስቀመጠች። ሦስቱን አሰለፍኩ።

«እዚያ ላይ ማስቀመጥ ማን አስተማረዎት?» አልኳት።

«ጋሽ ታደሰ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚያስቀምጡት።»

«ለዚያ ነዋ እርስዎ የሚያሸንፉት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሱቃችን ከእኔ ጋር ሲጫወት አንድ ቀን እዚያ ላይ አስቀምጦ አያውቅም፤ ጥግ መሆኑን በደንብ ያውቀዋል። እኔንም ከሰሞኑ አርሞኛል።»

ሰሌዳውን እያየች፣ በጣቷ የከፋዩን ፀጉር ወዲያ ታስተኛለች፣ ወዲህ ታስተኛለች። ደስ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። ትንሽ ብሎኝም ነበር፤ ግን ፊቷን ሳይ ደስታው የት እንደገባ ጠፋ። ከማዶ ታደሰ ዕቃውን አስጭኖ ሲመለስ አየችው። ብድግ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ታደሰ! አንዴ ብቅ ይበሉ እስቲ!»

መጣ። እኔን እዚያ ሲያይ እርምጃው ቀነሰ። ጋሽ ኑሩም መኪናቸውን አቁመው አንገታቸውን አስግገዋል።

«ይቀመጡ» አለችው። «የእውነትዎን ይጫወቱ።» መሀሉን ያዘች።

ነጯን ቁልፍ አነሳ። እሷን አየ፤ እኔን አየ። እጁ ከሰሌዳው በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ጥግ ላይ አስቀመጠ። እኩል ወጡ። ደገሙት፤ እኩል ወጡ። ጥሩወርቅ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ከረጢቷ ውስጥ ከተተች።

«ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ ያዝንልኛል» አለች። «ደንበኛው ያዝንልኛል፤ ኩሊው እንኳን ‹ለእርስዎ ስለሆነ ነው› እያለ ያዝንልኛል። የማይታዘንልኝ ቦታ ይሄ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። በራሴ አሸንፌ፣ በራሴ የምደሰትበት። እርስዎም አዝነውልኝ ነው?»

«እንደሱ አይደለም፣ ጥሩወርቅ…» አለ ታደሰ። «እትዬ» የለ፣ «ወይዘሮ» የለ። ስሟን ብቻ። እኔ ሰምቼዋለሁ።

«አዝነው ካልሆነ ታዲያ ለምንድነው?»

እኔም መልሱን ከእሷ እኩል እጠብቅ ነበር። አዝኜ ነው ቢል እሷን ገደላት፤ አይደለም ብሎ ሌላውን ቢናገር እኔን። ሁለታችን ሴቶች አፉን እያየን ቆምን። ባሌ ግንባሩን ጠረገና «ሱቁን ክፍት ትቼዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ያን ዕለት ከሱቅ ወደ ቤት በተክለ ሃይማኖት በኩል በእግራችን ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ቆሞ ተሳለመ፤ እኔም ተሳለምኩ። መንገዱን ስንቀጥል አልቻልኩምና ጠየቅሁት።

«ለእኔስ? ለእኔ ለምን አንድ ቀን አልተሸነፍክልኝም?»

ረጅም መንገድ ሄድን። በኋላ «አንቺማ ታውቂብኛለሽ» አለኝ።

ይኸው ነው። ሌላ አላለም፤ እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። ያቺን ቃል ግን ስንት ዓመት እንዳገላበጥኳት! አንዳንድ ቀን ሙገሳ ትሆንልኛለች፤ ሚስቴ ብልህ ናት፣ አላታልላትም ማለቱ ነው እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ከእኔ ጋር ሁልጊዜ ተጠንቅቆ ነው የኖረው ማለት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣለሁ። ለአንዷ ሴት ሳቅ፣ ለአንዷ ጥንቃቄ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? የቱንም ባገኝ ሌላኛው ያምረኛል።

ከዚያ በኋላ ታደሰ ማዶ አልተሻገረም። ጥሩወርቅም ቁልፍ ስትፈልግ እራሷ አትመጣም፤ ሠራተኛዋን ትልካለች። ከእኔ ጋር ግን ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ሌሎቹን ልጆቼን ስወልድ ገንፎ በልታ ሄዳለች፣ እናቴ ስታርፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጥሩ ሴት ነበረች፤ ቅናቱን ያከበደው እሱ ነው፤ ክፉ ብትሆን ጠልቻት እገላገል ነበር። ያን ቀን ተሻግሬ በመናገሬም አልጸጸትም። ዘመኑ ተገለባበጠ፤ ሱቆቹ ፈረሱ፣ ጋሽ ኑሩ አገራቸው ገቡ፣ ጥሩወርቅም ሱቋን ዘግታ ከወንድሟ ጋር መኖር ጀመረች ሲባል ሰማሁ። እኛም ልጆች አሳደግን፣ ዳርን። አረንጓዴው ሰሌዳ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር ተቀደደ፤ መቼ እንደተጣለ አላውቅም። ታደሰ ሽማግሌ ሆኖም ዝምተኛ ነበር። ከልጅ ልጆቹ ጋር ሲጫወት አንዳንዴ ድምፅ አውጥቶ ይስቃል፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ «ይሄ ነው? ያኔ የሰማሁት ይሄ ነው?» እያልኩ ጆሮዬን አቀና ነበር። አይደለም። ያንን አልደረሰም።

የሞተ ጊዜ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ፣ እኔ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ፣ ዕንባዬም ደርቆ ነበር። ያኔ ሁለት ሰው ደግፏት አንዲት አሮጊት ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧ ጎብጦ። ፊቷን ቀና ስታደርግ አወቅኋት። ሳጥኑ ከተቀመጠበት ፊት ቆመችና «ጋሽ ታደሰ! ጋሽ ታደሰ!» እያለች ደረቷን ይዛ አለቀሰች። ጎረቤቶቹ «ማናቸው? እህቱ ናቸው እንዴ?» እያሉ ተንሾካሾኩ። ድንኳኑ ሁሉ የራሱን ለቅሶ ትቶ የእሷን ይሰማ ጀመር።

ልጄ ክንዴን ይዛ «እማዬ፣ በቃሽ፣ ደክሞሻል» እያለችኝ ተነሳሁ። ሄጄ ከጥሩወርቅ ጎን ቆምኩና ድምፄን ከእሷ ድምፅ በላይ አውጥቼ አለቀስኩ።